የሌንሳ የሙከራ ጊዜ

ነቀምት፣ ጥቅምት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሌንሳ ተቀጠረች! ሰማህ የኋላሸት? ልጄ ሌንሳ ቀነአ ተቀጠረች! ናይሮቢ ያለ የጭነት መኪና ኩባንያ ሶፍትዌር ሠሪ አድርጎ ወሰዳት። ወሰዳት ስልህ የትም አልሄደችም፤ እዚሁ ነቀምት፣ ከራሷ ክፍል ሳትወጣ ነው የምትሠራላቸው። እሰይ! እልልታዬ ሀኖቨር ድረስ ካልተሰማህ ጆሮህን አስመርምር።

በል አሁን ሰላምታ። የአጎቴ ልጅ፣ አብሮ አደጌ የኋላሸት፣ ብርዱ አጥንትህ ሳይገባ፣ ሥራህም ከእጅህ ሳይወጣ ፈጣሪ በሰላም ያኑርህ። እኛ ደህና ነን። አባቷ ቀነአም ደህና ነው፤ ያው ትምህርት ቤቱ ጠመኔ ሲቅም ይውላል።

በወረቀት የጻፍኩልህ ቴሌግራም ጠፍቶብኝ አይደለም። ቴሌግራም ላይ የምልክልህን አንብበህ ዝም ትላለህ፤ ማንበብህን ግን ምልክቱ ያሳብቅብሃል። ወረቀት ቴምብር ተለጥፎበት ባሕር ተሻግሮ ሲመጣ ያሳፍራል፣ ሳይመልሱለት አይቀመጥም። ደግሞም ሃያ ሁለት ዓመት መዝገብ ቤት የሠራሁ ሴት ነኝ፤ ነገር በጽሑፍ ሲሆን ነው የሚጥመኝ። ቅጂውንም አስቀርቻለሁ።

ያቺን ቀን አልረሳኋትማ! በ2014 ክረምት ስትመጣ፣ ሌንሳ በተመረቀች በሳምንቷ፣ ሃያ ሰው በተሰበሰበበት ምሳ ላይ «እስቲ ምን ሠራሽ? አሳዪን» አልካት። ልጅቷ እንዳቅሟ ልታስረዳህ ሞከረች። «ጋሼ፣ እኔ የምሠራው ከስክሪኑ በስተጀርባ ያለውን ነው። ሰው አያየውም፤ መልሱ ሲመጣለት ብቻ ነው የሚያውቀው» አለችህ። አንተ ሥጋህን እያላመጥክ «የማይታይ ነገር ሠራሁ የሚል ጠንቋይ ብቻ ነው!» አልክ። ሃያው ሰው ሳቀ። ቀልድህ አስቆ እንዳይመስልህ፤ ከጀርመን የመጣ ሰው ሲቀልድ ይሳቅለታል። ያም አልበቃህ፣ ስልክህን አቀበልካትና «ሞልቶብኛል፣ ፎቶዎቹን አጽጂልኝ» አልካት። አጸዳችልህ።

ታዲያ ከዚያ ወዲህ ምን ስትሠራ እንደኖረች ልንገርህ። የኮምፒውተር ባለሙያ ነኝ ስለምትል ይገባሃል፤ ካልገባህ ደግመህ አንብበው።

የዚያ ኩባንያ ፕሮግራም ድሮ እንደ አንድ ትልቅ ጆንያ ነበር አሉ። የሾፌሩ ስም፣ የወደብ በር ፈቃዱ፣ መኪናው የት ደረሰ የሚለው፣ ሁሉም አንድ ላይ ታጭቆ። አንዱ ጋ ሲቀደድ ሁሉም ይፈስሳል። አሁን ለየብቻ እየለያዩት ነው። አንዷ ትንሽ ፕሮግራም መኪናው ያለበትን ብቻ ታውቃለች፤ አንዷ የበር ፈቃድ ብቻ ትሰጣለች፤ አንዷ ለሾፌሮች መልእክት ብቻ ትልካለች። ይጠያየቃሉ እንጂ አንዷ ስትታመም ሌላዋ አልጋ አትይዝም። ማይክሮሰርቪስ ይሉታል። የሚኖሩትም ክላውድ ላይ ነው፤ ሰማይ ላይ እንዳይመስልህ፣ የሌላ ሰው ኮምፒውተር ተከራይቶ መሥራት ማለት ነው። እኔ ይህን ለመረዳት ከግማሽ ቀን በላይ አልፈጀብኝም። የእኛ መዝገብ ቤት ቁልፍ ያለው ኦቦ ዋጋሪ እጅ ብቻ ነበር። ኦቦ ዋጋሪ ለቅሶ ሲሄድ የመሥሪያ ቤቱ ሥራ በሙሉ አብሮት ለቅሶ ይቀመጥ ነበር! ይህን ስነግራት ሌንሳ «በቃ እማዬ፣ ገብቶሻል» አለችኝ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሰች እናቷ የገባትን ነገር ነው እንግዲህ አንተ ወደ ጥንቆላ የወሰድከው።

አምስት ጊዜ በቪዲዮ ነው የፈተኗት። በመጨረሻው ፈተና «አንድ መልእክት ሁለት ጊዜ ቢደርሰው ፕሮግራምሽ ምን ያደርጋል?» አሏት። «በእኛ አገር የእድር ጥሩምባ ሁለቴ ቢነፋ ሰውየው ሁለቴ አይቀበርም። የኔም ፕሮግራም አንዴ የሰማውን መዝግቦ ይይዛል» አለቻቸው። በእንግሊዝኛ ነው ታዲያ። እኔ በሩ ላይ ተለጥፌ ነበር፤ ማለፏን ያወቅሁት ሲስቁ ነው።

ኅዳር 2 ትጀምራለች። የሙከራ ጊዜዋ ሦስት ወር ነው፤ የካቲት መግቢያ ላይ ወይ ቋሚ ትሆናለች ወይ ይሸኟታል። ቋሚ ስትሆን ድግስ አለ፣ ቀኑን ያኔ እነግርሃለሁ። ለዛሬ የምለምንህ አንድ ነገር ነው፦ ለልጅቷ ሁለት መስመር «እንኳን ደስ አለሽ» ጻፍላት። እኔ ከአንተ የምጠብቀው የለም። እሷ ናት፣ ለምን እንደሆነ እንጃ፣ የምትጠብቀው።

እህትህ ምንትዋብ


ሀኖቨር፣ ኅዳር 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለክብርት እህቴ ለወይዘሮ ምንትዋብ፣

የአባቶቻችን አምላክ ቤትሽን በሰላም፣ ጎተራሽን በበረከት፣ አንደበትሽን ደግሞ በልክ ይሙላልሽ። እኔም ክብር ምስጋና ይግባውና ለጤናዬ ደህና ነኝ።

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ከእልልታው ቀነስ፣ ከቁም ነገሩ ጨመር ብታደርጊበት መልካም ነበር። እኔ በዚህ ሙያ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ቆይቻለሁ። የድርጅታችን የሰርቨር ክፍል የተሰጠው ለእኔ ነው። ስድሳ ሁለት ማሽን አለ፤ የትኛው እንደታመመ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ በድምፁ እለያለሁ። ይህን ማንም በኢንተርኔት አይማረውም። ክላውድ ላልሽው፣ ፋሽን ነው፤ እንደመጣ ይሄዳል። ማይክሮሰርቪስ ላልሽውም፣ አንድ ደህና ቤት አፍርሶ አርባ ጎጆ መቀለስ ነው። ዝናብ ሲመጣ የትኛው እንዳፈሰሰ ለማወቅ አርባ በር ስታንኳኪ ትውያለሽ።

ደግሞስ መብራት ውሎ ማደሩ እንደ ተአምር በሚቆጠርበት ከተማ ሆኖ የዓለም አቀፍ ድርጅት ሥራ! የሙከራ ጊዜ ማለት «አልሆንሽንም» የሚባልበት ጨዋ ስም ነው። ልጅቷን ባታስጨንቂያት ጥሩ ነው። ቀነአ መምህር አይደለም? እዚያው አንድ የኮምፒውተር አስተማሪነት ይፈልግላት።

ሁለቱን መስመር በተመለከተ፣ ቋሚ ስትሆን እጽፋለሁ። ቤት ሳይከደን ምርቃት የለም።

በዚሁ አጋጣሚ፣ ለማወቅ ያህል ብቻ፣ ያ ኩባንያ ወደ ክላውድ ሲሄድ የድሮ ማሽኖቹን ሲጠብቁ የነበሩትን ሠራተኞች ምን አደረጋቸው? ሌንሳን ጠይቂልኝ። አስቸኳይ አይደለም።

ወንድምሽ የኋላሸት


ነቀምት፣ ታኅሣሥ 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

የኋላሸት፣ ሰላም ለአንተ ይሁን፤ እኔ ሰላም የለኝም። ይህን ወረቀት የምታደርስልህ የጎረቤታችን ልጅ ሔለን ናት፣ እዚያው ሀኖቨር የምትኖረዋ። ለእረፍት መጥታ ነበር፣ ነገ ትመለሳለች። ፖስታ ቤቱን መጠበቅ ስላልቻልኩ ነው።

ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ከመጀመሪያው ልንገርህ።

የቀነአ የእህት ባል፣ ኦቦ ባቻ፣ ሐሙስ ዕለት አርጆ ላይ ተቀበሩ። ሌንሳ ያን ሳምንት ተረኛ ነበረች። ተረኛ ማለት ከፕሮግራሞቹ አንዷ ስትወድቅ ስልኳ እንደ አምቡላንስ ይጮኻል፣ እሷም የትም ትሁን የት ላፕቶፗን ከፍታ ታስነሳታለች። «ተራ ይቀይሩልኝ ልበል?» ብትለኝ «በሙከራ ጊዜ ቀይሩልኝ አይባልም፣ ሰነፍ ትመስያለሽ» ብዬ የከለከልኳት እኔ ነኝ። ላፕቶፗን በነጠላ ጠቅልላ ይዛ መጣች።

ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ሴቶቹ ድንኳን ውስጥ ነን። ሌንሳ ለእንግዳ ውኃ ልትቀዳ ወጥታለች፣ ቦርሳዋ እኔ ጭን ላይ ነው። አዳዳ ፀጋ፣ የሟች ሚስት፣ የቀነአ እህት፣ ባሏን በስሙ እየጠራች ታለቅሳለች። በዚህ መሀል ያ ስልክ ቦርሳው ውስጥ ኡኡ አይልም! ለቅሶው ቀጥ አለ። አንዲት ሴትዮ «ማል ታኤ? ምን ሆነ? እሳት ነው?» ብላ ብድግ አለች። አዳዳ ፀጋ ነጠላዋን ገለጥ አድርጋ አየችኝ። መሬት ብትሰነጠቅልኝ እገባ ነበር። ስልኩን አውጥቼ እስኪሞት ድረስ ተጫንኩት። ሌንሳ ተመልሳ «ስልኬ ጮኸ እንዴ?» አለችኝ። «አልጮኸም» አልኳት። ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጬ ዋሸሁ።

ከሰዓት አሥር ሰዓት ላይ፣ ሚኒባስ ውስጥ ስትከፍተው ነው የገባት። ስድስት ሰዓት ሙሉ! አላለቀሰችም፣ አልተቆጣችም። ላፕቶፗን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ እስከ ነቀምት ቀና አላለችም።

የወደቀችው መኪናዎቹ የት እንዳሉ የምታውቀዋ ናት። ሌሎቹ አብረዋት አልወደቁም፤ የበር ፈቃዱም ሲሰጥ፣ መልእክቱም ሲላክ ውሏል። መኪናዎቹ ያሉበትን የሚነግረው ወሬ ሌንሳ አስቀድማ ባበጀችው ማቆያ ተሰልፎ ጠብቋል፤ ስታስነሳት አንድ ሳይቀር በተራ በተራው ገብቷል። ግን ናይሮቢ ያሉት ሰዎች ስድስት ሰዓት ሙሉ ካርታቸው ላይ አንድ መኪና አላዩም። የሚጠይቁት ሰውም አጡ።

አሁን የሆነውን ሁሉ ጽፋ ነገ ታቀርባለች። እኔ «ኔትወርክ ጠፋ በይ» አልኳት። ወለጋ ኔትወርክ ጠፋ ቢባል ማን ይጠራጠራል? የዓለም ሕዝብ ሁሉ ያምናል! እሷ ምን አለችኝ መሰለህ? «እማዬ፣ እውነተኛውን ካልነገርኳቸው ያልተሰበረውን ነው የሚጠግኑት።» ቀነአም «ልጅቷን ተያት» ብሎ ተቆጣኝ።

እንግዲህ ንቀትህን ለአንድ ሳምንት ኪስህ ክተትና ንገረኝ፤ በእናንተ ሙያ ለእንዲህ ያለ ጥፋት ያባርራሉ? ይህን እንዳነበብክ እዚያው በሔለን ስልክ ደውልልኝ፣ እባክህ። ከአፌ ይህች ቃል ስትወጣ ሰምተህ አታውቅም፣ ስለዚህ አትለፋት።

ማሽን ጠባቂዎቹን ምን አደረጓቸው ላልከው፣ ሌንሳ «የተማሩት ቆዩ፣ ያልተማሩት ሄዱ» ብላለች።

ምንትዋብ


ሀኖቨር፣ ጥር 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለወይዘሮ ምንትዋብ፣

ለኦቦ ባቻ ነፍስ ዕረፍትን፣ ለቤተሰቡ መጽናናትን፣ ለአንቺም ማስተዋልን እመኛለሁ። ስልክ መደወል ያልቻልኩት በሥራ ብዛት ነው።

መደንገጥሽ አልደነቀኝም። የዓለም አቀፍ ድርጅት መሣሪያ በነጠላ ጠቅልሎ ለቅሶ ቤት የሚወስድ ሰው ሌላ ምን ይጠብቃል? ያባርሯታል። እስካሁንም አባርረዋት ከሆነ ደብቀሽኛል ብዬ አልቀየምም። አንቺ ያልሽው «ኔትወርክ» ትክክለኛው መልስ ነበር፤ በሕይወትሽ አንድ ጊዜ ደህና ነገር ብትናገሪ ልጅሽ አልሰማሽም። እኔ በአሥራ ዘጠኝ ዓመት አንድም ጥፋት በስሜ ተጽፎ አያውቅም። ሙያ ማለት ይህ ነው።

ዘመድ ነንና ዝም ማለት አልቻልኩም፤ በቤተሰቡ የቴሌግራም ቡድን ላይ ልጅቷን ከሥራ መሰናበት ጋር በተያያዘ በጸሎት እንዲያስቧት አሳስቤያለሁ።

«የተማሩት ቆዩ» ስላልሽው፣ የተማሩት ምን ነበር? ስሙን ብቻ ጻፊልኝ። የጠየቀኝ አንድ ወዳጄ ነው።

የኋላሸት


ሀኖቨር፣ የካቲት 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

እህቴ ምንትዋብ፣ እንደምን ከርማችኋል? ቀነአ ደህና ነው? ሌንሳስ?

መልስ ስላጣሁ ደብዳቤዬ ጠፍቶ እንደሆነ ብዬ ነው። ሔለን ያን ጊዜ ወረቀትሽን ልታደርስልኝ ሥራ ቦታዬ ድረስ መጥታ ነበር። ክፍሉን እያጸዳን ስለነበር ባዶ መስሎ ታይቷት ይሆናል። ማሽኖቹ ለጊዜው ነው የተነሱት።

ያ ያልኩሽ ወዳጄ ሃምሳ አራት ዓመቱ ነው። እስከ ሰኔ ድረስ ጊዜ ሰጥተውታል። በዚህ ዕድሜ ይህን ነገር ከመጀመሪያው መጀመር ይቻል እንደሆነ ሌንሳን ብትጠይቂያት። እኔ እንኳ በቀጥታ ልጽፍላት አስቤ ነበር፤ ምን ብዬ እንደምጀምር ቸገረኝ።

የኋላሸት


ነቀምት፣ የካቲት 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ቋሚ ሆነች! ከየካቲት 4 ጀምሮ ቋሚ ናት! ወረቀቱን አትሜ፣ በፕላስቲክ አስለብጬ ሳሎን ሰቅየዋለሁ፤ የሚያነበው ቢጠፋ እኔ አነብለታለሁ።

እንግዲህ እንደምን ሰነበትክ፣ የጸሎት መሪው? ከሰው ልጅ ጥፋት ይልቅ የሰው ልጅ ደስታ የሚያስደነግጠው ልብህን እግዚአብሔር ያሳርፍልህ። ያሳሰብከው ጸሎት ምን እንዳደረሰብኝ ላጫውትህ። ከአርጆ፣ ከጊምቢ፣ ከአንገር ጉቲን የእኛ ወገኖች እነ ይስማው ሳይቀሩ ደወሉልኝ። ሦስት ሴቶች ሊያጽናኑኝ ቤቴ መጡ፤ አንዷ ዳቦ ጋግራ ነው የመጣችው። ሌንሳ ወዲያኛው ክፍል ሥራዋን እየሠራች እኔ ወዲህ ሳሎን ተቀምጬ ከሥራ ስለተባረረችው ሌንሳ ተጽናናሁ! «አልተባረረችም» ብላቸው «አይዞሽ፣ መካድም ከሐዘን ነው» ይሉኛል። በመጨረሻ ልጅቷን ጠርቼ አሳየኋቸው። ዳቦውን ግን አልመለስኩም።

መልስ ያልጻፍኩልህ ነገሩ እስኪለይ ድረስ ነው። ስትደሰትብኝ ማየት አልፈለግሁም።

ሌንሳ እውነቱን ጻፈች። «ተረኛዋ ለቅሶ ላይ ነበረች፤ ስልኩን እናቷ ዘጋችው» ብላ፣ እንዳለ። አለቃዋ ኬንያዊት ናት። አሥራ አንድ ሰው በስክሪኑ ላይ በተሰበሰበበት ሌንሳ ስታነበው እኔ በሩ ላይ ነበርኩ፤ አዎ፣ አሁንም። የሚሰድቧት መስሎኝ ነበር። የእነሱ ደንብ ግን ማን አጠፋ ብሎ አይጀምርም፤ ለምን እንዲህ ሊሆን ቻለ ብሎ ነው የሚጀምረው። አለቃዋ «ተረኛ ለምን አንድ ሰው ብቻ ይሆናል? ሞት የሌለበት ቤት ያለው ማነው?» አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ተረኛ ሁለት ሆነ፤ አንደኛዋ በአምስት ደቂቃ ካልመለሰች ጩኸቱ ወደ ሁለተኛው ይሄዳል። ሌንሳን አልተቆጧትም ብዬ አልዋሽህም። «ተራ መቀየር ነበረብሽ፣ መጠየቅ ስንፍና አይደለም» ብለው በደንብ አድርገው ነግረዋታል። ያ ቁጣ የእኔ ነበር፣ እሷ ተቀበለችልኝ። ቀጥሎ ደግሞ «ስድስት ሰዓት ማንም ሳይነካው አንድ ወሬ ያልጠፋበት ይህ ማቆያ የማን ሥራ ነው?» ብለው ጠየቁ። ከዚያ በኋላ ያለውን እንግሊዝኛ አልሰማሁትም፤ እያለቀስኩ ነበር።

አርጆም ሄጄ አዳዳ ፀጋን ይቅርታ ጠየቅኋት። ምን አለችኝ? «ሥራ የሚጠራው ሰው ምን ያሳፍራል? የሚያሳፍረው ሥራ ረስቶት የተቀመጠ ነው!» እኔ ያን ጊዜ ስለ ማን አሰብኩ መሰለህ?

አሁን ወደ ወዳጅህ እንምጣ። ያ አንተ በተወለድክበት ዓመት የተወለደው፣ አንተ በምትሠራበት ክፍል የሚሠራው ወዳጅህ። ሔለን ነግራኛለች። ማሽኖቹ በጋሪ እየተገፉ ሲወጡ፣ አንተ ባዶው ክፍል ውስጥ ጃኬትህን ለብሰህ ወንበር ላይ ተቀምጠህ ነበር አሉ። ስሰማ ሳቅሁ። አልደብቅህም፣ ጮክ ብዬ ነው የሳቅሁት። ከዚያ ምሳዬን ትቼ ተነሳሁ። ለዚህም ተናድጄብሃለሁ፤ ደህና አድርጌ እንኳ እንዳልስቅብህ አደረግከኝ።

ሌንሳን ጠየቅኋት። እኔ ብሆን እስከ ሰኔ ሳስለምንህ እከርም ነበር። እሷ «ማሽን በድምፁ የሚለይ ሰው በሽታውን ያውቀዋል፤ የጎደለው አዲሱ መሣሪያ ነው፣ ያን እናስተምረዋለን» አለች። በየቅዳሜው ከሰዓት በኋላ የአንድ ሰዓት ትምህርት ትሰጥሃለች። ግን የመጀመሪያውን የቤት ሥራ አስቀድመህ ትልካለህ፦ በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ካጠፋኸው ነገር አንዱን መርጠህ፣ ምን እንደሆነ፣ ለምን እንደሆነ፣ በራስህ እጅ፣ በራስህ ስም ጻፈው። አንድም የለኝም እንዳትላት። እነሱ ዘንድ ጥፋቱን መጻፍ የማይችል ሰው ተረኛ አይደረግም። ወረቀት ካነሰህ ከዚህ እልክልሃለሁ።

ስለ ድግሱ፣ ፆም ባይገባ ዛሬውኑ ነበር። የቀነአ ወገኖች የመካነ ኢየሱስ ሰዎች ስለሆኑ አይገዳቸውም፤ የእኔ ወገን ግን ሰንጋ እያየ ሽሮ አይበላም። ስለዚህ ከፋሲካ ወዲያ ሆኗል። ቀኑንም የመረጥነው የተረኞችን ሰንጠረዥ ዘርግተን ነው፤ ያን ሳምንት ሌንሳ አንደኛም ሁለተኛም አይደለችም። አዳዳ ፀጋ ትመጣለች፣ ኦቦ ዋጋሪ ይመጣል፣ ዳቦ ያመጣችልኝም ሴትዮ ትመጣለች። አንተም ቲኬትህን ቁረጥ። የጸሎቱን ጥሪ ባስተላለፍክበት በዚያው የቴሌግራም ቡድን ላይም፣ በራስህ ጣት፣ አንድ ፊደል ሳታስቀር እንዲህ ብለህ ጻፍልኝ፦

«ሌንሳ ቀነአ ቋሚ ሠራተኛ ስለሆነች፣ የዳግም ትንሣኤ እሑድ፣ ሚያዝያ 19 ቀን 2017፣ ከቀኑ በስድስት ሰዓት፣ ነቀምት እነ ምንትዋብ ቤት ሁላችሁም ኑ።»